የመንጋጋ አጥንት ወደ ኋላ ሲገባ የእንቅልፍ ትንፋሽ ምን ይሆናል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዚህ ንግግር ርእስ ታትሞ ሲወጣ «ይህ የጥርስ ሐኪሞች ጉዳይ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንዶቻችሁ ዘንድ መነሣቱን ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሕክምና መሣሪያዎችን፣ ይልቁንም የራጅና የሲቲ ስካን መሣሪያዎችን በመትከልና በመጠገን የምተዳደር መሐንዲስ ነኝ። ይሁን እንጂ ዛሬ የማነሣው ነገር ከሥረ መሠረቱ ሲታይ የቧንቧ፣ የግፊትና የፍሰት ጉዳይ ነው። ከዚህም በላይ ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱን ከመቍረጡ በፊት በኮምፒዩተር ላይ የሚያየውን ሥዕል የሚያዘጋጁለት የእኛ ሙያ ሰዎች ናቸው። ሥዕሉ የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይቶ ማወቅ ለእኛም ግዴታ ይመስለኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የታችኛው መንጋጋቸው ከላይኛው ቀድሞ የወጣ ሰዎች አሉ። አፋቸውን ሲገጥሙ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ከላይኞቹ ፊት ይውላሉ። ሥጋ በፊት ጥርስ መንጨት ያስቸግራቸዋል፤ አንዳንድ ድምፆችን አጥርቶ መናገር ያዳግታቸዋል፤ በልጅነታቸውም በመልካቸው የተነሣ ከእኩዮቻቸው ዘንድ ብዙ ሽሙጥ ይደርስባቸዋል። ይህ ዐይነቱ አፈጣጠር በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ከአውሮፓውያን ይልቅ ስለሚበዛ፣ መንጋጋን ወደ ኋላ የማስገባቱ ቀዶ ሕክምና በጃፓንና በኮሪያ እጅግ የተለመደ ሆኗል። ስለ ጉዳዩ ከተጻፉት ጥናቶችም ብዙዎቹ የመጡት ከዚያው አካባቢ ነው።

ታሪኩ ረዥም ነው። አሜሪካዊው ሲመን ሃሊሄን በቃጠሎ ጠባሳ ተጎትቶ የተበላሸን የታችኛ መንጋጋ ቈርጦ ያስተካከለው በ1849 ነበር። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ግን ሁጎ ኦብቬገዘር የተባለው ኦስትሪያዊ ተወላጅ በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ያወጣው፣ ጣሊያናዊው ዳል ፖንት ደግሞ በ1961 ያሻሻለው ነው። በዚህ ዘዴ የመንጋጋው የኋላ ክፍል በግራም በቀኝም እንደ ጣውላ በውፍረቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ጆሮ ሥር ካለው መገጣጠሚያ ጋር የተያያዘው ገጽ በቦታው ሲቀር ጥርሶቹን የያዘው ገጽ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከዚያም ሁለቱ ተደራርበው በታይታኒየም ሰሌዳና ብሎን ይታሰራሉ። አናጢ ሁለት ሳንቃ ለማቀጠል ጫፍና ጫፉን ከማጋጠም ይልቅ አስረዝሞ እንደሚያደራርበው ያለ ነው። የሚነካካው ገጽ ሰፊ ስለሚሆን አጥንቱ ቶሎ ይገጥማል። ሥራው በአፍ ውስጥ ስለሚከናወንም በፊት ላይ ጠባሳ አይተውም። ለመሐንዲስ ዐይን ውብ ሥራ ነው፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። የሚንሸራተተው መጠን እንደ ሰዉ ይለያያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ይገኛል።

መንጋጋ ግን ለብቻው የቆመ አጥንት አይደለም። ከአገጭ ጀርባ፣ በውስጥ በኩል፣ ልክ በመካከሉ ላይ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ምላስን ወደ ፊት የሚስበው ትልቁ ጡንቻ የሚነሣው ከእነዚህ ጉብታዎች ነው። ከዚያው አጠገብ የሚነሣ ሌላ ጡንቻ ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ ሃዮይድ ከሚባለው፣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ካለው ትንሽ አጥንት ጋር ይያያዛል። ሃዮይድ ከማንቍርት በላይ በአንገት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ከሌላ ከማናቸውም አጥንት ጋር መገጣጠሚያ የለውም፤ በጡንቻና በጅማት ብቻ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ስለዚህ መንጋጋው 8 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ሲገባ የምላስ መልሕቅ አብሮት ይገባል። ምላስ ግን በመጠኑ አይቀንስም። ነገሩ በሰፊ ቤት ይኖር የነበረ ተከራይ ዕቃውን ሳይቀንስ ወደ ጠባብ ቤት እንደ መዛወሩ ነው፤ ዕቃው አንድም ወደ ላይ ይከመራል፣ አንድም ወደ ጓሮ ይገፋል። የምላስ ጓሮ ደግሞ ጉሮሮ ነው።

ከውኃ ሥራ ጋር የምትገናኙ ባልደረቦቼ የፓምፕን ቱቦዎች ጠባይ ታውቃላችሁ። ውኃ የሚገፋበት ቱቦ ከሸራ ቢሠራም ግድ የለም፤ ግፊቱ ራሱ ነፍቶ ይይዘዋል። ውኃ የሚመጠጥበት ቱቦ ግን ዙሪያውን የብረት ሽቦ ካልተጠመጠመበት በውጭ ያለው የአየር ግፊት ጨፍልቆ ይዘጋዋል። ሰው አየር ወደ ውስጥ በሚስብበት ጊዜ የአየር መንገዱ በሙሉ የመምጠጫ ቱቦ ነው። ከማንቍርት በታች ያለው ቧንቧ እንደ ጆሮ ቅጠል ጠንከርም ለስለስም ባለ ነገር በተሠሩ ቀለበቶች የተጠናከረ ነው። አፍንጫም የአጥንት ግድግዳ አለው። ከለስላሳው ላንቃ አንሥቶ እስከ ማንቍርት ያለው ክፍል ግን ሽቦ የሌለበት ቱቦ ነው። መዋጥና መናገር ያለበት አካል ግትር ሊሆን አይችልምና።

ታዲያ ይህ ቱቦ ነቅተን ሳለን ለምን አይዘጋም? ጡንቻዎች ስለሚይዙት ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ መግቢያ ላይ፣ አየሩ መሳብ ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ አንጎል ለምላስ ጡንቻ ትእዛዝ ይልካል፤ ምላስም ወደ ፊት ይወጠራል። ሰው ሲተኛ ይህ ትእዛዝ ይላላል፤ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ደግሞ ይበልጡን ይደክማል። በጀርባው የተኛ እንደ ሆነ የምላስ ክብደት ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ ቱቦውን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው የአጥንቱ ሣጥን ስፋት ብቻ ይሆናል ማለት ይቻላል። በአገራችን አንድ ሰው ሲያንኮራፋ «እንቅልፍ ጣለው» ብለን በጥሩ እንቅልፉ መቅናት ልማዳችን ነው። ማንኮራፋት ግን የጠበበ ቱቦ ግድግዳ ሲርገበገብ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ በቧንቧ ሥራ ላይ ብንሰማው ኖሮ ሁላችንም መፍቻ ይዘን በተነሣን ነበር።

የዚህን ዐይነት ቱቦ ጠባይ ለመረዳት የሚያገለግለው ሞዴል በእንግሊዛዊው የሥነ አካል ሊቅ በኧርነስት ስታርሊንግ ስም የሚጠራው ነው። ስታርሊንግ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በልብ ላይ ለሚያደርገው ምርምር ለስላሳ ቱቦ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አሳልፎ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ግፊት በመለዋወጥ ፍሰቱን ይቈጣጠር ነበር። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ትምህርት፣ ቱቦው መጣበቅ ከጀመረ በኋላ ከታች በኩል አጥብቆ መሳብ ፍሰቱን አለመጨመሩ ነው። በለስላሳ ቀሰም ወፍራም የአቮካዶ ጭማቂ ለመጠጣት የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አጥብቆ በሳበ ቍጥር ቀሰሙ ይጣበቃል። የተኛ ሰው ሳንባም እንዲሁ ነው።

ተመራማሪዎች ይህን ሞዴል ይዘው የእያንዳንዱ ሰው ጉሮሮ የሚዘጋበትን የግፊት መጠን ለመለካት ችለዋል። በጤነኛ ሰው ጉሮሮው እንዲዘጋ ከከባቢ አየር ግፊት በታች ወደ 8 ሴንቲ ሜትር የውኃ ዓምድ ወይም ከዚያም በላይ የሆነ የመሳብ ኀይል ያስፈልጋል። ጽኑ ሕመም ባለበት ሰው ግን መዝጊያው ግፊት ከዜሮ በላይ ነው፤ ማለትም ምንም ሳይሳብ፣ ጡንቻው ሲላላ ብቻ፣ ቱቦው በገዛ ራሱ ይከደናል። የቀሩት ሰዎች በእነዚህ ሁለት ዳርቻዎች መካከል ተደርድረዋል። መንጋጋን ወደ ኋላ ማስገባት ሰውን በዚህ መስመር ላይ ወደ ክፉው ዳርቻ በመጠኑ የሚያስጠጋ ሥራ ነው። ወደ ሕመሙ ክልል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ቀድሞ በቆመበት ቦታ ይወሰናል።

በዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ልጨምር። በክብ ቧንቧ ውስጥ ለሚሄድ ጸጥተኛ ፍሰት መሰናክሉ በራዲየሱ አራተኛ እርከን እንደሚለካ ከትምህርት ቤት እናስታውሳለን። ራዲየሱ በአሥር በመቶ ቢቀንስ መሰናክሉ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ያድጋል፤ በሃያ በመቶ ቢቀንስ ወደ 2.4 እጥፍ ይደርሳል። ጉሮሮ ክብ አይደለም፣ ፍሰቱም ሁልጊዜ ጸጥተኛ አይደለም፤ ስለዚህ ቍጥሩን እንደ ንድፍ ስሌት ሳይሆን ጥቂት ሚሊ ሜትር ምን ያህል እንደሚከብድ እንደሚያሳይ ምልክት እንድትወስዱልኝ እለምናለሁ።

ሕመሙ ራሱ በሕክምና መጻሕፍት ቦታ ካገኘ ብዙ ዘመን አልሆነውም። በ1965 በፈረንሳይ የጋስቶ ቡድን፣ በጀርመን ደግሞ ዩንግና ኩሎ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከሩ፣ በእንቅልፍ ጊዜ የሚቋረጥን ትንፋሽ መዝግበው አሳዩ። በ1976 በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ጊየሚኖና ባልደረቦቹ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ሰጡት። ዐሥር ሰኮንድና ከዚያ በላይ የቈየ መቋረጥ አንድ ተብሎ ይቈጠራል፤ ጉልህ የሆነ የትንፋሽ መቀነስም ይጨመርበታል። በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ ጤና፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ጽኑ ይባላል። በእያንዳንዱ መቋረጥ የደም ኦክሲጂን ይወርዳል፤ አንጎል ለአፍታ ይነቃል፤ የደም ግፊት ይዘላል። ሰውየው ጠዋት ይህን አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው ቀን በሥራ ላይ፣ ከዚያም ይልቅ በመሪ ላይ፣ የሚያዳፋውን እንቅልፍ ነው።

የሚገርመው፣ መንጋጋና የእንቅልፍ ትንፋሽ መገናኘታቸው በመጀመሪያ የታወቀው ከመልካሙ ጎን ነው። በ1979 በአሜሪካ አገር የኩዎ ቡድን የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት በማውጣት የእንቅልፍ ትንፋሽ ሕመም የነበረባቸውን ሰዎች እንደረዳ ጻፈ። ራይሊና ፓወል የተባሉ የስታንፎርድ ቀዶ ሐኪሞች በ1980ዎቹ ዓመታት ሁለቱንም መንጋጋዎች አብሮ ወደ ፊት ወደ ማውጣት አሳደጉት። በ2010 የታተመ የ627 ጎልማሶችን ውጤት ያጠቃለለ ጥናት፣ ከዚህ ሕክምና በፊት በሰዓት በአማካይ 63.9 የነበረው ቍጥር ወደ 9.5 መውረዱን ያሳያል። አንድን ቫልቭ በአንድ በኩል ማዞር ፍሰቱን ይህን ያህል የሚከፍት ከሆነ፣ በሌላው በኩል ማዞር ምን እንደሚያደርግ ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። መልሱም አልዘገየም፤ በ1987 እነዚሁ ራይሊ፣ ፓወልና ጊየሚኖ ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ መንጋጋቸው ወደ ኋላ ከገባ በኋላ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ የጀመራቸውን የሁለት ሴቶችን ታሪክ አሳተሙ።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉትን ጥናቶች ያነበበ ሰው በመጀመሪያ ግራ ይጋባል። ጉሮሮ እንደሚጠብ፣ ሃዮይድም ወደ ታች እንደሚወርድ ከሞላ ጐደል ሁሉም ይስማማሉ። የእንቅልፍ ትንፋሽ ይበላሻል ወይ ሲባል ግን አብዛኞቹ «በአማካይ አይበላሽም» ይላሉ። በ1996 የታተመ የጀርመኖች ጥናት ሕመሙ አለመምጣቱን ሲያበሥር፣ በ2011 የታተመው የጃፓኖቹ የሐሴቤ ቡድን ጥናት 22 ሰዎችን መርምሮ በአማካይ ለውጥ አላገኘም። ነገር ግን ከ22ቱ ሁለቱ ቀላል ሕመም ይዟቸዋል። ሁለቱም ወፍራሞች አልነበሩም፤ መንጋጋቸው የገባው ግን ብዙ ነበር። እኔ በዚህ ጥናት ውስጥ ትልቁን ትምህርት የማየው በአማካዩ ላይ ሳይሆን በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች ላይ ነው። ከ22 ምሰሶ ሁለቱ ቢሰነጠቁ ማንኛችንም አማካይ ጥንካሬውን ጠቅሰን ሕንፃውን አናስረክብም።

አማካዩ ለምን ደኅና ሆነ ለሚለው ግልጽ የሆነ ማስረጃ አለ። የታችኛው መንጋጋቸው የወጣ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሌላው ሰው የሰፋ ጉሮሮ አላቸው። እኛ በንድፍ ሥራ የደኅንነት ትርፍ የምንለውን ተፈጥሮ ሰጥታቸዋለች፤ ቀዶ ሕክምናውም ከዚያ ትርፍ ላይ ይቀንሳል። አካልም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሰውየው ሳያውቀው አንገቱን በጥቂቱ ወደ ኋላ ቀና በማድረግ መንገዱን ያሰፋል፤ የሃዮይድ አጥንትም በወራት ውስጥ በከፊል ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች ዕረፍት ይነሡኛል።

አንደኛው፣ ሁሉም የዚህ ችግር ባለቤቶች ትርፍ ያላቸው አለመሆናቸው ነው። ጥርሶቹ ተቃርነው የምናየው ሰው የታችኛው መንጋጋው ረዝሞ ሳይሆን የላይኛው አጥሮ ሊሆን ይችላል። ከፊት ለፊት ሲታይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ለዚህ ለሁለተኛው ሰው የታችኛውን ወደ ኋላ አስገብቶ ከአጭሩ ጋር ማስተካከል፣ አንደኛው ግድግዳ ጠማማ ነው ተብሎ ቀጥ ያለውን አፍርሶ ከጠማማው ጋር እንደ ማስማማት ይሆናል። ጥርሶቹ ይገጥማሉ፤ ሣጥኑ ግን ከሁለቱም በኩል አጭር ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው የዘመን ጉዳይ ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና የሚደረገው እድገት ሲያበቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዐሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በሽተኞቹ ቀጫጮችና ጤነኞች፣ ጡንቻቸውም ብርቱ ነው። የእንቅልፍ ፍተሻው የሚደረገው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር ወይም ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ግን የጎልማሳነት ሕመም ነው፤ ከዕድሜና ከውፍረት ጋር ይመጣል፤ በሴቶች ላይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ይበረታል። ድልድይ ስንሠራ ከሃምሳ እስከ መቶ ዓመት እንዲያገለግል አስበን ነው፤ በተመረቀ በዓመቱ አለመውደቁን ዐይተን የንድፉን ትክክለኛነት አናውጅም። በሃያ ዓመቱ ከትርፉ ላይ ግማሹን የከፈለ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ክብደት ሲጨምር ምን ይቀረዋል? ይህን ለመመለስ የሚያስፈልገው ሠላሳ ዓመት የቈየ ክትትል ነው፤ እስከዚያው ድረስ ጥንቃቄ ማድረግ የሚገባው ሐኪሙ ብቻ አይደለም።

ወደ እኛ ድርሻ ልመለስ። የጭንቅላትን የጎን ራጅ በተወሰነ አቋም አንሥቶ መንጋጋን የመለካቱ ዘዴ በ1931 በአሜሪካ በብሮድቤንት፣ በጀርመን በሆፍራት ከተጀመረ ወዲህ፣ ጉሮሮ በሥዕል ላይ ሲታይ የኖረው እንደ አንድ ጠፍጣፋ ጥላ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ስፋት በዚያ ሥዕል ላይ የለም። ዛሬ ያለው ባለ ሦስት አውታር መሣሪያ ይህን ጉድለት አስወግዷል፤ ከእርሱ ጋር ግን አንድ አዲስ ፈተና መጣ። ሶፍትዌሩ ጉሮሮውን ቀለም ቀብቶ ያሳያል፤ ሰፊው አረንጓዴ፣ ጠባቡ ቀይ ሆኖ፣ ከጎኑም ይዘቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ተጽፎ ይመጣል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መሣሪያ ተክዬ ሳስረክብ አንድ አንጋፋ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሥዕሉን ትኵር ብለው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ኢንጂነር፣ ይህ አረንጓዴ ማለት ሰውየው ተኝቶም ይተነፍሳል ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አይደለም ዶክተር፤ ሥዕሉ በተነሣበት በዚያ ሰኮንድ፣ ነቅቶ ተቀምጦ ሳለ፣ እዚያ ቦታ ላይ አየር ነበረ ማለት ብቻ ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያው ይህን ለምን አይጽፉበትም?» አሉ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት በአብዛኛው ይህ የሐኪሙ ጥያቄ ስላልተወኝ ነው።

የዚያን ቀለም ድክመት በዝርዝር ብናይ የሚከተለው ነው። ይህ ዐይነቱ መሣሪያ በሽተኛውን ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ተቀምጦ ወይም ቆሞ ነው፤ ሰው ደግሞ ተጋድሞ ይተኛል። ተራው ሲቲ ስካን አስተኝቶ ያነሣል፤ ቢሆንም ሰውየው ነቅቷል። ጡንቻው ሥራ ላይ ነው፤ ከላይ እንዳልሁት ጥያቄው ያለው ጡንቻው ሲያርፍ ነው። ሥዕሉ በሚነሣበት ጊዜ ሰውየው ምራቁን ቢውጥ፣ ምላሱን ወደ ላንቃው ቢያስጠጋ፣ አየር አስገብቶ ወይም አስወጥቶ ቢሆን ቍጥሩ ይለወጣል። ከዚህም ሌላ አየሩን ከሥጋው የሚለየው የግራጫ መጠን በባለሙያው የሚመረጥ ስለሆነ፣ ያንን መጠን ጥቂት ከፍና ዝቅ በማድረግ ብቻ ያንኑ ጉሮሮ ሰፊ ወይም ጠባብ ማሰኘት ይቻላል።

ከሁሉም የሚከፋው የይዘቱ ቍጥር ነው። ፍሰትን የሚወስነው የቧንቧው አጠቃላይ ይዘት ሳይሆን እጅግ ጠባቡ ቦታ ነው። መንጋጋው ወደ ኋላ ገብቶ ሃዮይድ ወደ ታች ሲወርድ ጉሮሮው ይረዝማል። የረዘመ ቱቦ በአንዱ ቦታ ጠቦ እንኳ አጠቃላይ ይዘቱ ብዙም ላይቀንስ ይችላል፤ በአንጻሩ ረዥምና ለስላሳ ቱቦ ከአጭሩ ይልቅ ለመጣበቅ ይቀናዋል። ስለዚህ «ይዘቱ አልተለወጠም» የሚለው ዓረፍተ ነገር መልካም ዜና መስሎ መጥፎ ዜና ሊሸከም ይችላል። አንድ ሶፍትዌር ይህን ቍጥር በትልቁ ጽፎ ጠባቡን ስፋትና ርዝመቱን በሌላ ገጽ ከደበቀ፣ ስሕተቱ የሐኪሙ ነው ለማለት አልደፍርም።

ተገቢው መለኪያ እንቅልፍን ራሱን መመዝገብ ነው፤ የአንጎል ማዕበል፣ የአየር ፍሰት፣ የደረትና የሆድ እንቅስቃሴ፣ የደም ኦክሲጂን ሌሊቱን ሙሉ ይመዘገባሉ። ይህ ውድ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው የጣት መቈንጠጫ የሚመስለው የኦክሲጂን መለኪያ ነው። ይህን መሣሪያ በ1974 ለዓለም ያስተዋወቀው ታኩዎ አዮያጊ የተባለው ጃፓናዊ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ መሆኑን በዚህ አዳራሽ ውስጥ መጥቀስ ደስ ይለኛል። በእኛ አገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አብሮ ሊነገር ይገባል። መሣሪያው በቆዳ ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ስለሚሠራ ጥቍር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ኦክሲጂኑን አብልጦ የማሳየት ዝንባሌ አለው። በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያሳየ በደም ምርመራ ግን ከ88 በመቶ በታች የተገኘባቸው ጥቍር በሽተኞች 11.7 በመቶ፣ ነጮቹ ደግሞ 3.6 በመቶ መሆናቸውን አመልክቷል። በተጨማሪም ወጣትና ቀጭን ሰው ትንፋሹ ሲቋረጥ ኦክሲጂኑ ብዙ ሳይወርድ ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ የጣት መለኪያው «ችግር አለ» ሲል ቢታመንም «ችግር የለም» ሲል ብቻውን አይበቃም።

ሕመሙ ከመጣስ? መፍትሔ አለው። በ1981 በሲድኒ ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ የአየር መንፊያ ሞተር ከአፍንጫ ጭምብል ጋር አያይዘው አምስት በሽተኞችን በሌሊት እንዲተነፍሱ አደረጉ። አየሩ በጥቂት ሴንቲ ሜትር የውኃ ዓምድ ግፊት ጉሮሮውን ከውስጥ ነፍቶ ይይዘዋል፤ የመምጠጫውን ቱቦ ወደ መግፊያ ቱቦ መለወጥ ማለት ነው። ከዚህ ያማረ ቀላል ሐሳብ ጥቂት ነው። ሆኖም ለመልኩና ለማኘኩ ብሎ በሃያ ሁለት ዓመቱ የታከመ ወጣት በቀሪ ዘመኑ ሁሉ ጭምብል አጥልቆ እንዲተኛ መፍረድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቢያንስ አስቀድሞ ሊነገረውና ሊመርጥ ይገባዋል።

ቀዶ ሐኪሞቹ ራሳቸው መንገዱን በብዙ አስተካክለዋል። ዛሬ የታችኛውን ብቻ ወደ ኋላ ከማስገባት ይልቅ ሥራውን ለሁለቱ መንጋጋዎች ማካፈል እየተለመደ ሄዷል። 10 ሚሊ ሜትር ልዩነት ቢኖር፣ የላይኛው 5 ወደ ፊት ወጥቶ የታችኛው 5 ብቻ ወደ ኋላ ይገባል። የላይኛው ወደ ፊት ሲወጣ ለስላሳውን ላንቃ ስለሚስብ ከላይ በኩል መንገዱን ይከፍታል። ጥናቶችም በዚህ መንገድ ጉሮሮው የሚጠበው ባነሰ መጠን መሆኑን ያሳያሉ። ሥራው ይረዝማል፣ ወጪው ይጨምራል፣ ደም መፍሰሱም ይበዛል፤ ነገር ግን ሚዛኑን ሳየው ዋጋው የሚከፈልለት ይመስለኛል። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ምንም ወጪ የሌለበት ምርመራ አለ፤ ይኸውም በሽተኛው ያንኮራፋ እንደ ሆነ፣ ቀን የሚያንቀላፋ እንደ ሆነ ከእርሱ ሳይሆን አብሮት ከሚያድር ሰው መጠየቅ ነው። በዚህ ጥያቄ የተጠረጠረ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚደረገው ምዝገባ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ሊደረግለት ይገባል።

ለእኛ የሚቀረው የሥዕሉ ሥራ ነው። መሣሪያዎችን የምንገዛ፣ የምንተክልና የምናስተምር ባልደረቦች በእያንዳንዱ የጉሮሮ ሥዕል ላይ ሰውየው ተቀምጦ ይሁን ተጋድሞ፣ ነቅቶ ይሁን ተኝቶ፣ አየር አስገብቶ ይሁን አስወጥቶ፣ የግራጫው መጠንም ስንት እንደ ተደረገ እንዲጻፍ ልንጠይቅ እንችላለን። ጠባቡ ስፋትና የጉሮሮው ርዝመት ከይዘቱ ጋር በአንድ ገጽ እንዲወጡ ማድረግም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎችም ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ሊከፈቱ በሚችሉበት አኳኋን፣ ከአንድ ኩባንያ ሶፍትዌር ጋር ሳይታሰሩ፣ መቀመጥ አለባቸው፤ የዛሬው የሃያ ዓመት ወጣት በሃምሳ ዓመቱ ማንኮራፋት ሲጀምር ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው የዚያን ጊዜውን ሥዕል ነውና።